በድምፅ ቀን ማን ይሰማል?

ውድ አንባቢዎች፣ እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። የምሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለንም፤ ውጭ ዝናብ ይሁን ፀሐይ የምናውቀው ደረጃውን በሚወርዱ ሰዎች ጫማ ነው። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ለራሴ አንድ መስኮት አግኝቻለሁ፤ እሱም መግቢያው አጠገብ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው። አስተማሪያችን "ግድግዳ ላይ ያያችሁትን ሁሉ አንብቡ" ስላለችን፣ በየጠዋቱ ቆሜ ፊደል በፊደል አነበዋለሁ። ማታ ልጄን ሚጣን ከመዋዕለ ሕፃናት ስወስዳት፣ ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀኝ ስለዚሁ ሰሌዳ ነው።

"እማዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የሥራ ነገር አይደለምና። የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊያችን ለእያንዳንዱ ዕለት ስም ያወጣሉ። አንዱ የትራስ ቀን ነው፤ አንዱ የማዛጋት ቀን ነው፤ አንዱ የተለያየ ካልሲ የማድረጊያ ቀን ነው። የግራኞች ቀን የተባለ ዕለት ሁላችንም በግራ እጃችን እንድንሠራ ታዘዝንና፣ ልብስ ተኳሿ የአንድ እንግዳ ሸሚዝ ጀርባ ላይ የካውያ ማኅተም መታችበት። የሳቅ ቀን ዕለት ደግሞ አንዷ ባልደረባችን የእናቷን መታመም ሰምታ ስታለቅስ፣ "እንባ እስኪወጣት ሳቀች!" ተብሎ ተጨበጨበላት። እኚህን ሰው ከኋላቸው "አቶ ዛሬ" እንላቸዋለን። ክፉ ሰው አይደሉም። ሰው ደስ እንዲለው የሚደክሙ ናቸው። ድካማቸው ግን ሁልጊዜ ሰሌዳው ጋ ይጀምርና እዚያው ሰሌዳው ጋ ያልቃል።

ከማጠቢያው ጀርባ የአንሶላ ክፍል አለ። የፍል ውሃ ቧንቧ ግድግዳውን ይዞ ስለሚያልፍ ለአንሶላው ደህና ነው፤ ሰው ግን ትንሽ ከቆየበት ላብ በላብ ይሆናል። በሩ ከባድ ነው፤ ከለቀቁት ራሱን ይዘጋል። የውስጡ እጀታ ተነቅሎ ከጠፋ ደግሞ ቆይቷል። ስለዚህ ስንገባ አንድ የተቃጠለ አሮጌ ካውያ ከሥሩ አስደግፈን ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ በር አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል" ብያቸው ነበር።

"አይዞሽ እህቴ፣ የሥራ ቦታ ደኅንነት ቀን እየመጣ አይደል! ያን ዕለት እጀታውን ሪባን አስረን፣ ፎቶ ተነሥተን እናስገጥመዋለን።"

"አሁን ቢገጠምስ?"

"አሁን ከገጠምነው ለበዓሉ ምን ይተርፈናል?" ብለው ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን።

አንድ ጠዋት ሰሌዳውን ሳነብ እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ የድምፅ ቀን ነው። ከሥራ መውጫ በፊት ሁሉም የሚመታ ነገር ይዞ ይምጣ። ድምፃችንን እናሰማ!"

እኔ ሐሳቤ ሌላ ነበር። ሚጣ መጠበቅ የሚባል ነገር አታውቅም። አንድ ጊዜ ሥራ በዝቶብኝ ሳረፍድ፣ ዘበኛው ሌላ ልጅ ሲያስረክብ ከጎኑ ሾልካ ወጥታ፣ መኪናው እንደ ጎርፍ ከሚወርድበት ትልቅ መንገድ ዳር አገኘኋት። "አንቺን ልፈልግሽ ነው" አለችኝ፤ እኔው የጠፋሁ ይመስል። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ ሲቃረብ ልቤ ደረጃውን ቀድሞኝ ይወጣል። ያን ዕለትም ጭፈራው ሳይጀመር ሥራዬን ጨርሼ ልውጣ ብዬ፣ የመጨረሻውን አንሶላ ታቅፌ ገባሁ። አቶ ዛሬ ተከትለውኝ ገቡ።

"አንድ ነጭ አንሶላ ስጪኝ። ነገ የእንቅልፍ ቀን ስለሆነ ሰሌዳውን ላለብሰው ነው።"

አንሶላውን ሳቀብላቸው ከኋላችን የልብስ ተኳሿ ድምፅ ተሰማ፤ "ኧረ እኔ የምመታው አጣሁ! ይኸው፣ ይሄ ብረት ይበቃኛል።" ጎንበስ ስትል አየኋት። "ተዪው!" ስል እሷ ካውያውን አንጠልጥላ እየሮጠች ነው። በሩ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይቸኩል ተዘጋ።

በመጀመሪያ አቶ ዛሬ ሳቁ። እኔ ግን በሁለት እጄ በሩን መደብደብ ጀመርኩ።

"ክፈቱልን! ተዘግቶብናል!"

ከውጭ ሳፋ ሲመታ፣ ባልዲ ሲንኳኳ፣ ሰው ሲጮህ ይሰማል። እኔ ስደበድብ እነሱም ይደበድባሉ።

"ኧረ በእናታችሁ! ልጄ!" ብዬ ጮኽኩ።

"እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ ድምፅ!" አለ አንዱ ከበሩ ማዶ። ከዚያ ጭብጨባ መጣ። አቶ ዛሬም ተጠግተው "እኔ ነኝ! የምሬን ነው!" ብለው ጮኹ። "አለቃም እየጨፈሩ ነው!" ተባለና ሳቁ ባሰ። ስልካቸውን አውጥተው ወደ ጣሪያው ዘረጉት፤ ምድር ቤት ውስጥ ኔትወርክ መቼ ኖሮ ያውቃል!

ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ጸጥ አለ። ሰው ድምፁን አሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ከእንግዲህ ብንጮህም የሚያጨበጭብ እንኳን የለም። ቧንቧው ይንሿሿል፤ ግድግዳው ይፋጃል። ከበሩ ሥር የምትገባው ቀጭን ብርሃን ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ ሚጣ አሁን ቦርሳዋን አንግታለች፣ አሁን ዘበኛውን እያየች ነው፣ አሁን ሌላ እናት መጣች እያልኩ ቁጭ አልኩ።

አቶ ዛሬ ክራቫታቸውን ፈቱ። "አይዞሽ፣ አንዱ ይመጣል። እኔ እኮ ቀን የማወጣው ሰው እንዳይረሳ ብዬ ነው። ቀን ካልተሰጠው ማን ምን ያስታውሳል?"

"እኔ በሩን ረስቼው አላውቅም፤ ነግሬዎታለሁ።"

"ተይ እንጂ፣ የደኅንነት ቀን እኮ ደርሷል..."

ያን ጊዜ አፌ አመለጠኝ፤ አንቱታውም ቀረ። "ልጄስ? የእናቶች ቀን እስኪደርስ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀኝ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የአንተ በዓል! ሳቅ ብለህ ለሰው ለቅሶ አስጨበጨብክ፤ ድምፅ ብለህ ጆሮ ዘጋህ። ሰው ሲጮህ ጭፈራ ይሁን እውነት የሚለይ ሰው አሁን እዚህ ቤት አለ?"

ሰውየው ያንን ነጭ አንሶላ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ፣ "ስንት ዓመቷ ነው?" አሉኝ። ስነግራቸው ተነሥተው በሩን በትከሻቸው ገፉት፤ እንደገና ገፉት፤ በሩ ወይ ፍንክች።

በመጨረሻ ያወጣን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በዓል አይደለም፤ ሥራ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ እንግዳ አልጋው ላይ ሻይ ደፍቶ፣ አልጋ አንጣፊዋ ቅያሪ አንሶላ ልትወስድ መጣች። በሩን ስትከፍተው እኔ መሬት ላይ፣ አለቃችን በር ላይ ተለጥፈው አገኘችን።

"እናንተ! ዛሬ ደግሞ የድብብቆሽ ቀን ነው እንዴ?" አለችና፣ እየሳቀች ገብታ በሩን ለቀቀችው።

"በሩን!" ብለን ሁለታችንም ጮኽን። አቶ ዛሬ እግራቸውን ወርውረው በመዝጊያውና በመቃኑ መሐል ሰነቀሩት። ጫማቸው ተሰነጠቀ፤ በሩ ግን አልተዘጋም።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። መዋዕለ ሕፃናቱ ጋ ስደርስ ዘበኛው "አሁን እዚህ ነበረች" እያለ ዙሪያውን ይቃኛል። እኔ ግን የት እንደሄደች አውቅ ነበር። ትልቁ መንገድ ላይ፣ መሐል አካፋዩ ላይ፣ ሚጣ የመብራት ምሰሶውን በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። ግማሹን ተሻግራ፣ ሌላውን ፈርታ። መኪናው ከፊቷም ከኋላዋም ይከንፋል። "እንዳትንቀሳቀሺ!" ብዬ ጮኽኩ፤ በጡሩምባው መሐል ድምፄ ለእኔም አልተሰማኝ። ደግሞ ድምፅ! ያን ጊዜ አንድ ሰው ከጎኔ ወደ መንገዱ ገባ። አቶ ዛሬ ናቸው፤ በተሰነጠቀ ጫማ እያነከሱ ተከትለውኝ መጥተዋል። ያን ነጭ አንሶላ በሁለት እጃቸው ዘርግተው መኪናው ፊት ቆሙ። አንዱ ሹፌር ፍሬኑን ያዘ፤ ሌላው ተሳደበ፤ መንገዱ ግን ቆመ። በዚያች ክፍተት ሮጬ ልጄን አቅፌ ወደ ዳር መለስኳት።

ሚጣ አንገቴ ሥር ተወሽቃ ትንሽ አለቀሰች። ቀና ስትል የዘወትር ጥያቄዋን አመጣች።

"እማዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

አቶ ዛሬ አንሶላውን እየጠቀለሉ ጎንበስ አሉላት።

"ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ የኔ ልጅ" አሏት። "ማክሰኞ ብቻ።"

በማግስቱ ስገባ ኃላፊያችን ኮታቸውን አውልቀው፣ መፍቻ ይዘው፣ በሩ ሥር ተንበርክከው ነበር። ሪባን አልነበረም፤ ፎቶ የሚያነሣም አልነበረም። እጀታው ትንሽ ተጣሞ ነው የተገጠመው፤ ግን ይከፍታል። ከውስጥ ሆኜ ሞከርኩት፤ ደግሜም ሞከርኩት። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሳነብ አንድም ፊደል አላደናቀፈኝም፦ "ረቡዕ። የአንሶላ ክፍሉ በር ተሠርቷል። ሌላ የተበላሸ ካለ ዛሬውኑ ንገሩኝ።"

ወገኖቼ፣ በዓል አታክብሩ አልላችሁም፤ መሳቅም ማጨብጨብም መልካም ነው። ግን ቤታችሁ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ፣ ቀኑ ሲደርስ ይሠራል የተባለ በር ካለ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ተነሡ። አንድ ሰው ሲጮህ ከሰማችሁም ከማጨብጨባችሁ በፊት በሩን ክፈቱና እዩ። ከበሩ ማዶ ያለችው ልጇ መንገድ ላይ የቆመችባት እናት ልትሆን ትችላለች።