የአሥራ አንድ ደቂቃ ወሬ

የምድጃ ክፍሉ ሠራተኛ ወሬ አያልቅበትም። ቤተ ሙከራው ውስጥ «ሬዲዮ» ነው የሚሉት። ስለ ድመቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ እናቱ ጥርስ ሲያወራ ዓመት ሙሉ ከርሞ አንዲቷን ነገር ግን መናገር አቅቶታል። ዱቄት መዛኟን ይወዳታል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

እሷን ደግሞ «ሚሊግራም» ይሏታል። የምትሠራው ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሴራሚክ ነው፤ ያውም መርዘኛው የእርሳስ ብረት ሳይገባበት፣ ከፖታሺየም፣ ከሶዲየምና ከኒዮቢየም ዱቄት። እሷ መዝና ትቀምማለች፣ እሱ ምድጃ ከትቶ ያበስላል። ስድስት ጊዜ ሞክረው ስድስቱም ቢጫኗቸው ምንም የማይሰጡ ድንጋዮች ሆኑ። ሰባተኛውን ግን ገና ጫን ሲያደርጉት የመለኪያው መርፌ ዘለለ።

አለቃቸው ጋሼ ደስ አላቸው፤ ደስታቸው ግን አልቆየም።

«እስከ ዓርብ ድገሚው» አሏት። «ካልደገምሽው ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ አንቺም ወደ ጡብ ክፍል ትዛወሪያለሽ።»

የጡብ ክፍሉ ያለው ሌላ ከተማ ነው። ሬዲዮ ይህን የሰማ ዕለት ምሳውን ለድመቱ ሰጠ።

ሚሊግራም መዝገቧን ስታገላብጥ ሰነበተችና ረቡዕ ጠዋት ጠራችው።

«ገባኝ። ያን ቀን አንተ በር ላይ ቆመህ በወሬ ስታደርቀኝ የፖታሺየሙ ዕቃ ክፍት ነበር። ዱቄቱ ከአየር ላይ እርጥበት ጠጣ። ከመዘንኩት ውስጥ ጥቂቱ ውሃ ነው፣ ፖታሺየሙ ጎድሏል።»

«እኔ ነኛ ያበላሸሁት?»

«ያቃናኸው። ትንሽ ሲጎድል ክሪስታሉ በሁለት ቅርጽ መካከል ሲወላውል ይቀራል። እንዲህ ያለው ነው ትንሽ ሲነኩት ተነቃንቆ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው።»

ሬዲዮ «እኔን ነው እንዴ የምትይው?» ሊል ፈልጎ ዋጠው።

«ስንት ደቂቃ ነበር ያወራሁት?»

«አሥራ አንድ። ዛሬም እዚያው ቁምና አውራ።»

ክዳኑን ከፈተች። ሬዲዮም አፉን ከፈተ፣ ወሬ ግን ጠፋ። የድመቱ ወሬ በሁለት ደቂቃ አለቀ። የእናቱ ጥርስ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ጎረቤቱንም ጀምሮ ተወው። እሷ ቀና ብላ አየችው፣ ዓይኗንም አልነቀለችም።

«ገና ስምንት ደቂቃ ይቀረናል» አለች ቀስ ብላ።

«ብትሄጂ ማንን ነው የማደርቀው?» አለ። «እወድሻለሁኮ። ዓመት ሙሉ በድመት ሳሳብብ የነበረው ይህን ነው።»

ሚሊግራም ሰዓቷን አየች። አሥራ አንዱ ደቂቃ ሲሞላ መዘነች።

ዓርብ ጋሼ ከምድጃ የወጣውን ሴራሚክ ጫን አደረጉት። መርፌው ዘለለ፣ ፕሮጀክቱም ተረፈ። መዝገቡን ሲያነቡ ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ ክፍት ማስቀመጡን ምን አመጣው? የጎደለውን አስልተሽ ፖታሺየሙን ቀነስ አድርገሽ ብትመዝኚ አይበቃም ነበር?»

«ይበቃ ነበር፣ ጋሼ።»

«ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች፣ ወደ ሬዲዮ ዞር ብላ። «ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ የሰማሁትም ለድመቷ ብዬ አይደለም።»

ሬዲዮ ወደ እሷ ተጠጋ። ጋሼ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩና መዝገቡን ዘጉ።

«በሉ፣ ከማውራታችሁ በፊት ዱቄቱን ክደኑ» ብለው ወጡ።