ሁለት ስንዝር መሪ

ሰው እንዴት የገዛ መኪናውን መሪ ልክ አያውቅም? እስቲ ንገሩኝ!

ፅዮን እባላለሁ፤ ሰቆጣ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ደግሰው ደግሞ በአሮጌ ላንድክሩዘሩ ከጋዝጊብላ ገበያተኛ ያመላልሳል። ሳምንት ሳይሞላው ሱቄ ብቅ ይላል። ዛሬ ብሎን፣ ነገ አምፖል። የቀረ ሳምንት ዓይኔ መንገድ ላይ ይውላል። ወድጄዋለሁ፣ ምን ልደብቃችሁ! እሱ ግን ከዕቃ ሌላ ወሬ የለውም።

አንድ ቀን መሪው ተሰንጥቆበት መጣ።

«አዲስ መሪ አስመጪልኝ።»

«ልኩ ስንት ነው?»

«ሁለት ስንዝር።»

«በሜትር አትለካውም?»

«እጅ እያለኝ?»

ይኸው ነው ሰውዬው! እኔም የማልረባ፣ በራሴ እጅ ሁለት ስንዝር ለክቼ ወልድያ ደወልኩና አዘዝኩ። መሪው መጣ፣ ገጠመው፣ ሄደ። በማግስቱ ትከሻውን እያሻሸ ተመለሰ።

«ፅዮን፣ ይሄ የመኪና መሪ ነው የልጅ መጫወቻ?»

«ሁለት ስንዝር አላልክም?»

«በማን እጅ?»

«በእጄ ነዋ!»

«ኧረ በፈጠረሽ! የኔ መኪና መሪ የሚያቀልል ሃይድሮሊክ የለውም። መሪው ሲያንስ ይከብዳል። ኩርባው ላይ ክንዴ ሊገነጠል ነበር!»

መዳፉን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። የኔን አጠገቡ ዘረጋሁ። ጣቶቹ የኔን አልፈው ሄደዋል። እጄን ማንሳት ነበረብኝ፤ አላነሳሁም። እሱ ቀድሞ አነሳ። አያናድድም?

«ሌላ አዝዝልሃለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል።»

«አይሆንም። እሑድ ሽማግሎች ይዤ ልሄድ ነው።»

«የምን ሽማግሎች?»

«የጋብቻ።»

«ለማን?»

«ለኔ ነዋ!»

ጥርሴን ነክሼ፣

«ልጅቷ ታውቃለች?» አልኩት።

«ታውቃለች መሰለኝ...» አለና አንገቱን ደፋ።

መሰለኝ! ስንዝሩም መሰለኝ፣ ሚስቱም መሰለኝ!

ግቢያችን ውስጥ የአባቴ መኪና አለ፤ ከደግሰው መኪና ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሞተሩ ነክሶ ከቆመ ቆይቷል፣ አባቴ ግን ማንም እንዲነካው አይፈልጉም። ያን ዕለት ደግሰውን ይዤው ሄድኩ፤ መሪውን ፈትቼ እቅፉ ላይ ጣልኩለት።

«ውሰድ! ሽማግሎቹን ገደል እንዳትከታቸው።»

«አባትሽስ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። ሂድልኝ!»

ሄደ። እኔም ከመኪናው ጀርባ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሌላ ሴት ሽማግሌ የሚጭንበትን መሪ በገዛ እጄ ፈትቼ ሰጠሁት እኮ!

እሑድ ራሴን በሻሽ አስሬ ተኝቻለሁ። የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ከዚያ በራችን ተንኳኳ። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሎች ገብተው ቆሙ፤ አባቴ ተቀመጡ ቢሏቸውም እምቢ አሉ።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ትልቁ። «ልጅዎን ፅዮንን ለልጃችን ለደግሰው እንዲሰጡን ነው የመጣነው።»

ከአልጋው እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። በጓሮ ዞሬ ወደ በር ሮጥኩ። ደግሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል።

«እኔን ነው?»

«ማንን መስሎሽ ነበር?»

«ምኑን ነግረኸኝ?»

«በየሳምንቱ ስመጣ አላየሽም?»

«ዕቃ ልትገዛ ነዋ የምትመጣው! አንተ ሰው ልትገድለኝ ነው እንዴ? ስንት እንባ አፈሰስኩ መሰለህ!»

ደነገጠ። ከመኪናው ወረደ።

«እኛ አገር በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው...»

«ሽማግሎቹ አባቴን ይጠይቁ። እኔን አንተ ጠይቀኝ።»

«አፍራለሁ፣ ፅዮን።»

«እፈር። ግን ጠይቅ!»

መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ቀና አለ።

«እወድሻለሁ። ከድሮ ጀምሮ እወድሻለሁ... ታገቢኛለሽ?»

የምጠብቀው ይህንን ነበር። ከውስጥ አባቴ ተጣሩ።

«ፅዮን! ሽማግሎቹ እየጠበቁ ነው፣ ምን ልበላቸው?»

«እሺ ብላለች ይበሏቸው!» ብዬ ጮህኩ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ደግሰው አሁንም እንደቆመ ነው።

«ለነሱ ተናገርሽ፤ ለኔስ?»

«ሰምተሃል እኮ!»

«ለኔ ስትይኝ ልስማው...»

ተጠጋሁትና በጆሮው ነገርኩት።