የብሎኑ ቀይ ማኅተም

ቴፕ ጠጋኙ ጋሼ ቴፕ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያጎነብሱበት በኖሩት የሥራ ጠረጴዛ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የሰበረው ከአንድ አሮጌ ቴፕ ተፈትቶ የተቀመጠ የብረት መዘውር ነበር። የቴፕ ክር ሳይንቀጠቀጥ እኩል እንዲጎተት የሚያደርገው ይኸው ከባድ ክብ ብረት ነው። ማንም ለመግደያ ብሎ አልሠራውም፤ የሰው እጅ ግን ከከፋ ለክፋት የማያውለው ዕቃ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሬሳው ተነሥቶ፣ ፖሊሶቹም ነገሩን ጨርሰናል ብለው እጃቸውን ሲያራግፉ መርማሪዋ መጣች። ባልደረቦቿ «እትዬ ቆይ» ይሏታል፤ ሰው ሁሉ «በቃ» ባለበት ቦታ እሷ «ቆይ» ስለምትል ነው። የግራ ጆሮዋ አይሰማም። ስለዚህ ሰው ሲያወራት ቀኝ ጆሮዋን ሰጥታ ዓይኗን ከአፉ ላይ አትነቅልም፤ ውሸታም የሆነን ሰው ይህ አስተያየቷ ያስጨንቀዋል።

«ምንም የተወሳሰበ ነገር የለውም» አላት ሃምሳ አለቃው። «ልጃቸው ናት። በሩ ከተጎተተ በራሱ ይቆለፋል፤ ቁልፍ ያላቸው ሟችና እሷ ብቻ ናቸው። ጠዋት ስትሳደብ ሰፈሩ ሰምቷል። ከሰዓት በኋላ ሟች ከውስጥ ሲናገሩ ደግሞ ግቢው በሙሉ ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ከእሷ በቀር የገባ የለም። እኩለ ቀን ላይ ወደ እስር ቤት እንወስዳታለን።»

«ሐኪሙ የሞቱበትን ሰዓት ተናገረ?»

«ክፍሉ ምድጃ ስላለበት አልቻለም። ግን ሲናገሩ ከተሰሙ በሕይወት ነበሩ ማለት ነዋ!»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ፤ ወደ ውስጥም ገባች።

ሱቁ ጠባብ ነው። በአንደኛው ግድግዳ የክር ጥቅሎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ ሻንጣ የሚያህል ባለ ሁለት ጥቅል ቴፕ ቆሟል፤ የጀርባ ክዳኑ ተፈቷል፤ ክር አልተጠመደበትም። አጠገቡ ካቻቢቴና አንዲት ትንሽ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ አሉ። መርማሪዋ አጎንብሳ ወደ ሞተሩ ተመለከተች። የሞተሩ ትንሽ ብሎን ላይ ቀይ ነጥብ ተደርጓል፤ ግማሹ በብሎኑ፣ ግማሹ በሞተሩ አካል ላይ ያረፈ። በሞተሩ ላይ ያለው ሌላው ነገር ሁሉ አቧራ ለብሷል። ነጥቡ ላይ ግን አቧራ የለም።

ልጅቱ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። የግራ እጇ ጥፍሮች ቀይ ናቸው፤ የቀኝ እጇ ባዶ ነው።

«ቀኝ እጅሽን ለምን ተውሽው ልጄ?»

ልጅቱ ጥያቄው ግራ ገባት። «አባዬ ጠርሙሱን ነጥቆኝ ሄደ። ትናንት ጠዋት። ሳያንኳኳ ገብቶ፣ እየሳቀ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበረብኝ። እጮኛዬን አታገቢውም ካለኝ ጀምሮ አልተዋደድንም። ጮህኩበት።»

«ምን አልሻቸው?»

«‹ሞተህ በገላገልከኝ› አልኩት።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ልጅቱ ፊቷን ሸፈነች።

«ከሰዓት በኋላ አላስችል ብሎኝ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ለመንኩት፤ ‹አባዬ ይቅር በለኝ፣ ከልቤ አይደለም› እያልኩ። ‹ተዉኝ! ሥራ ላይ ነኝ!› አለ። ድምፁ ከብዶ፣ ተጎትቶ፣ የማላውቀው ሰው ሆኖብኝ። አባዬ እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። ሲመሽ ልቤ አላርፍ ሲል በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ።»

«ስትገቢ ምን ሰማሽ?»

«ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ የሚል። ትልቁ ቴፕ ክሩ አልቆበት ጫፉ ይማታ ነበር። ከዚያ አየሁት። ጮህኩ። ቀድሞ የደረሰው እጮኛዬ ነው፤ ሁላችንንም ወደ ውጭ አስወጣን፤ ቴፑንም አጠፋው።»

ጓዳው በር ላይ እቴቴ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ የሟች ታላቅ እህት ናቸው። ሐዘን ያላጠፋው አንድ ነገር ቢኖር ምላሳቸው ነው።

«እማማ፣ ወንድምዎ ትናንት ጉንፋን ይዟቸው ነበር?»

«ጉንፋን? የምን ጉንፋን! ሲያፏጭ አይደል እንዴ ያረፈደው! ያ ትልቁ ቴፕ እየሮጠበት፣ ዘፋኙን ሁሉ እንደ ጫጩት እያስጮኸው፣ ስንት ጊዜ ሲያቃጥለው ከረመ። ትናንት ጠዋት ‹እቴቴ፣ ልኩን አገኘሁት!› ብሎ እንደ ሕፃን ዘለለ።»

«የጥፍር ቀለሙስ?»

«ያስተካከለውን ብሎን ያትምበታላ! እንዳይላላ። የዚችን ምስኪን ቀለም እየሰረቀ ፈጀባት።»

«እጮኛዋን ለምን ጠሉት?»

እቴቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «‹ልጄን ለጆሮ ጠቢ አልሰጥም› አለኝ። ምን ማለትህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ራሱ ይንገራት፤ እስከ ነገ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ› አለ። ያ ነገ ሳይደርስ ተቀደመ።»

የልብስ ሰፊው ሱቅ ከጋሼ ቴፕ በር ፊት ለፊት ነው። ልብስ ሰፊው ትናንት ምሳ ካለፈ በኋላ ከልጅቱ እጮኛ ጋር ዳማ ሲጫወት እንደዋለ ተናገረ። እጮኛዋ በሰፈሩ «ቀጂው» ነው የሚባለው፤ የዘፈን ክር እየቀዳ የሚሸጥበት ሱቅ ግቢው ጫፍ ላይ አለው።

«ማን አሸነፈ?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኛ! ደጋግሜ በላሁት።»

«መሸነፍ ይወዳል?»

«እሱ? አንዴ ከተሸነፈ ሰሌዳውን ገልብጦ ነው የሚሄድ። ትናንት ግን ‹አንድ ጨምረኝ፣ አንድ ጨምረኝ› እያለ ሥራ አስፈታኝ። ልነሣ ስል እጄን ያዘኝ። ዓይኑም ሰሌዳው ላይ አልነበረም።»

«የት ነበር?»

«እዚያ በር ላይ።»

«ከዚያ ድምፁ ተሰማ። የተቀየረ መሆኑን መጀመሪያ ያነሣው ማን ነው?»

«ቀጂው። ‹ጋሼን ጉንፋን ይዟቸዋል› አለ። እኛማ ገና ልብም አላልን።» ይህን ሲል መርፌው ጣቱን ወጋው። የቀጂው ስም በተነሣ ቁጥር መርፌውን እንደሚስት መርማሪዋ አስተውላለች፤ ለጊዜው ግን ምክንያቱን አልጠየቀችውም።

ቀጂው መልከ መልካም፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው ነው። ሲያናግራት ከሚገባው በላይ ረጋ ይላል።

«እወዳታለሁ» አለ። «ብትገድልም እንኳ እስክትፈታ እጠብቃታለሁ።»

«ገድላለች ያለህ ማን ነው?»

«ሰው ሁሉ… ፖሊሶቹ ናቸዋ።»

«እሺ። ትልቁን ቴፕ ያጠፋኸው አንተ ነህ?»

«አዎ። ክሩ አልቆ ይሽከረከር ነበር። ሞተሩ እንዳይቃጠል ብዬ ነው፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ።»

«ክሩንስ የት አደረግከው?»

ቀጂው ዓይኑን አርገበገበ። «ቴፑ ላይ ተውኩት። ፖሊሶቹ አንሥተውት ይሆናል።»

«ቆይ» አለች ለራሷ፤ ወደ ሃምሳ አለቃውም ሄዳ ማንም ፖሊስ ከዚያ ቴፕ ላይ ምንም እንዳላነሣ አረጋገጠች።

እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁሉንም ጋሼ ቴፕ ሱቅ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልጅቱ እጇ በሰንሰለት ታስሮ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆመች። ውጭ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃታል። ሃምሳ አለቃው ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል።

«አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ» አለች መርማሪዋ። «ጋሼ ቴፕ ሲናገሩ ማን አያቸው?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ሁላችሁም ሰማችሁ፤ ያየ የለም። በዚህ ቤት ደግሞ ሰው ሳይናገርም ድምፅ እንደሚሰማ መጠርጠር ነበረብን። ልጅቱ ስትገባ ትልቁ ቴፕ ክሩ አልቆ እየተማታ ነበር። ያ ክር የት ገባ? ያጠፋው ሰው ቴፑ ላይ ተውኩት ይላል፤ ቴፑ ግን ባዶ ነው። ክር የሚደበቅበት ጥሩ ቦታ የት ነው? ክር መካከል ነዋ።» ወደ መደርደሪያው ዞረች። «እማማ፣ ወንድምዎ የክሩ መጀመሪያ ላይ ይህን ነጭ ጅራት ለምን ይቀጥሉ ነበር?»

«መጀመሪያው እንዲታወቅ ነዋ» አሉ እቴቴ። «ወደ ኋላ ሳይጠቀልል ጥቅል መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ አያውቅም። እኔ አንዴ ብሳሳት ምሳውን ትቶ ተቆጣኝ።»

«እዚህ ያለው ጥቅል ሁሉ ነጭ ጅራቱ ወደ ውጭ ነው። ከዚህ ከአንዱ በቀር።» ከመካከል አንድ ጥቅል መዘዘች፤ ጫፉ ቡናማ ነው። «ይህ እስከ መጨረሻው ተጫውቶ ሳይመለስ የተሸጎጠ ነው። ወደ ኋላ ለመጠቅለል ጊዜ አልነበረም፤ ሰው እየጮኸ ወደ በሩ ይመጣ ነበር።»

ክሩን ቴፑ ላይ አጥምዳ ወደ ኋላ አጠነጠነችውና ከመካከሉ ለቀቀችው። መጀመሪያ ፀጥታ ብቻ ነበር። ድንገት ከድምፅ ማጉያው የከበደ፣ የተጎተተ ድምፅ ወጣ፤ «ተዉኝ! ሥራ ላይ ነኝ!» ትንሽ ቆይቶ እንደገና፤ ከዚያም እንደገና። ልጅቱ ጆሮዋን ያዘች።

«የሰማነው እሱን ነው!» አለ ልብስ ሰፊው። «ያው ጉንፋን የያዘው!»

«ጉንፋን አልነበረም። ጋሼ ቴፕ ደንበኛ ሲያንኳኳባቸው የሚጮኹትን፣ አንድ ሰው ቀደም ባለው ቀን በዚሁ ቴፕ ደብቆ ቀዳው። ያን ጊዜ ቴፑ ይሮጥ ነበር። በሩጫ የተቀዳ ድምፅ በልኩ ሲሰማ ይከብዳል፤ ይዘገያልም። ትናንት ጠዋት ጋሼ ቴፕ ፍጥነቱን አስተካክለው ብሎኑን አተሙት። ነፍሰ ገዳዩ ይህን አላወቀም፤ ማኅተሙ ያለው ከጀርባ ነው። መትቶ ጣላቸው፤ ክሩን ለቀቀው፤ ዳማ ሊጫወት ሄደ። ከድምፁ በፊት ያለውን ፀጥታ በሩጫው ፍጥነት ለክቶ፣ ድምፁ በቅርቡ ይመጣል ብሎ ነበር። ቴፑ ግን አልሮጠም። ድምፁ ዘገየ። ሰውየውም ምስክሩን እንዳያጣ፣ መሸነፍ የማይወድ ሰው፣ እየተሸነፈ ‹አንድ ጨምረኝ› ሲል ዋለ። ድምፁ ሲመጣም ከብዶ መጣ፤ በዚህ ግቢ ከማንም የተሻለ ጆሮ ያለው እሱ ነውና ማንም ሳይጠይቀው ጉንፋን ነው ብሎ አስተባበለ።»

ሁሉም ወደ ቀጂው ዞሩ።

«ለምን ብዬ?» አለ ቀጂው፤ ልስላሴው ከድምፁ ጠፍቷል። «አማቴ ሊሆኑ የነበሩ ሰው!»

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ከጥጉ ወጣ። «እኔ ልናገር። ይህ ሰው የሰውን ጓዳ ደብቆ ይቀዳል። የኔን የቤት ጉድ ይዞ እስከ ዛሬ ሲያስገብረኝ ኖሯል። ጋሼ ቴፕ የእሱን ትንሽ ቴፕ ሊጠግኑ ሲከፍቱ የኔን ድምፅ ሰሙ። ‹አይዞህ፣ ነገ ያበቃል› አሉኝ። እነሆ አበቃ። ፈሪ ነኝ፤ ይህቺ ልጅ ስትታሰር እንኳ አፌን አልከፈትኩም።»

ሃምሳ አለቃው ሰንሰለቱን ከልጅቱ እጅ ፈታ።

«በሩ ክፍት እንዲሆን ነበር የፈለግኩት» አለ ቀጂው ወደ ልጅቱ ሳያይ። «ደንበኛ ነው እንዲባል። ስወጣ በልማድ ጎተትኩት። አንቺ ላይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ከመጣብኝ በኋላስ?» አለች ልጅቱ።

ለእሷ ተዘጋጅታ በቆመችው መኪና ይዘውት ሄዱ።

መርማሪዋ ካቻቢቴውን አነሣች፤ ማኅተሙን ሰብራ ብሎኑን ቀስ አድርጋ አዞረችው። ክሩ መሮጥ ጀመረ። «ተዉኝ! ሥራ ላይ ነኝ!» አለ ድምፁ። አሁን ቀጭንና ፈጣን፣ ቁጣው ውስጥ ሳቅ ያለበት የጋሼ ቴፕ የራሳቸው ድምፅ ነበር። እቴቴ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ።

«አየሽ ልጄ» አለች መርማሪዋ። «አንቺን አልተቆጡሽም። ይህ ለደንበኛ የተባለ ነው። አባትሽ አላባረሩሽም።»

ልጅቱ ወደ በሩ ዞረች።

«በሩ ላይ ቆሜ ስለምነው… ያን ጊዜ ሞቶ ነበር?»

«አዎ።»

«ይቅርታዬን አልሰማውም ማለት ነው።»

መርማሪዋ አፏን ከፈተች። በሕይወቷ ሙሉ ያልራቃት ያ አንድ ቃል ግን አልመጣላትም።

ልጅቱ ካቻቢቴውን ከእጇ ተቀበለቻት። «አባዬ ያስተካከለው እንዲህ አልነበረም» አለች። ጎንበስ ብላ፣ በብሎኑ ላይ የቀረው ግማሽ ቀይና በሞተሩ ላይ የቀረው ግማሽ ቀይ እስኪገጥሙ ድረስ ብሎኑን መለሰችው። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍታ ከላዩ አንድ ጠብታ አኖረችበት፤ ቀለሙ እስኪደርቅም ከዚያ አልተነሣችም።