የጎባ ይለፍ

ታቢታ የይለፍ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነበው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወጥታ በረንዳው ሥር ቆማ ነበር። ፊደሉ አልተለወጠም።

«ጓድ ደረሰ ወልዴ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ካሰች ጋር ወደ ጎፋ ሄደው በነገሌ በኩል ስለሚመለሱ፣ በየኬላው ያለ ችግር እንዲያልፉ…»

ጎፋ! ሰዎቹ የሚሄዱት ጎባ ነው፣ ባሌ። ጎባ በምሥራቅ፣ ጎፋ በምዕራብ። ከሐዋሳ ወጥቶ ወደ አንዱ የሚነዳ ሰው ለሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ጎፋ ሄዶ በነገሌ የሚመለስ ጤነኛ ሰው አለ? ግን ጸሐፊው ባዬ የጎፋ ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሐዋሳ ሲቀመጥ ጆሮውን ይዞት አልመጣም፤ «ጎ» ካሉት ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል።

በሩ አሥር እርምጃ አይሞላም። ዞር ብላ «ጓድ ባዬ፣ ተሳስተዋል» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አላለችም። ወረቀቱን በአራት አጥፋ ከቀሚሷ ኪስ ከተተችና ዓሣ ልትገዛ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ አሞራ ገደል ወረደች።

ሆዷ ውስጥ ላለው ነገር ስም እንስጠው ከተባለ ቅናት ነው። ሌላ ስም የለውም። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ በእህቷ ባል ስትቀና አያምርም፤ ቢሆንም ቀናች። እናታቸው ስትሞት ታቢታ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። እህቷ ካሰች ናት ያሳደገቻት፤ ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራች፣ ራስ እየሠራችላት፣ አንድ አልጋ ላይ እየተኙ። «ጓዴ» ነበር የምትላት። «ጓዴ፣ ውኃ አምጪ። ጓዴ፣ ደብተርሽን አሳዪኝ።» ቤት ውስጥ የቀበሌ ስብሰባ ያለ ይመስል ሁለቱም ይስቁ ነበር።

አሁን «ጓዴ» ደረሰ ነው። በጥር ተጋቡና ቃሉ ከአንዷ ወደ ሌላው ተዛወረ፤ ማንም «ይቅርታ» አላላትም።

ይሄ ሳያንስ ደረሰ ከአጎቱ ላንድሮቨር ተዋሰ። ሙሽራይቱን ጎባ ላለችው እናቱ ሊያሳያት፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ወደሚያነጣው ሰንሰለት ተራራ ሊያወጣት፣ በማዶው ደግሞ ግመል ወደሚሄድበት በረሃ ሊያወርዳት። ስምንት ቀን ሙሉ። «በአንድ ቀን ካፖርትሽን ለብሰሽ ካፖርትሽን ታወልቂያለሽ» ይላታል። ካሰችም ጥቁር መነጽር ገዝታ፣ ቤት ውስጥ ሳይቀር አድርጋው ትዞራለች። ፋራ!

ያ ተራራ የታቢታ ነበር። «ሚኒስትሪ ስታልፊ ውርጭ አሳይሻለሁ» ብላ ቃል የገባችላት ካሰች ናት።

ከሁሉም የከፋው የትናንቱ ነው። ደረሰ ሲበላ ቀና ብሎ፣ «ታቢንም እንውሰዳት እንጂ፤ ትምህርት ዝግ ነው፣ የኋላው ወንበር ባዶውን ነው» አለ። ታቢታ ጉርሻዋን ሳትውጥ ካሰችን አየቻት።

«ቤቱን ማን ይጠብቃል?» አለች ካሰች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ቤቱ! አንድ አልጋ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ሦስት ዶሮ። ሌባ ቢመጣ አዝኖ የሚሄድበት ቤት ነው።

አሞራ ገደል ስትደርስ ጀልባዎቹ ገብተዋል፤ አባ ኮዳ የሚሏቸው ትልልቅ ወፎችም እንደ ሰው ተሰልፈው አንጀት ይጠብቃሉ። ሸዋዬ፣ ለሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ዓሣ የምትገፍፈው አሮጊት፣ ገና ከሩቅ አየቻት።

«አንቺ፣ ፊትሽን ምን ነከሰው? ዓሣ ልትገዢ ነው ልታስፈራሪኝ?»

«ስድስት ቆሮሶ ይስጡኝ፣ እማማ።»

«ለሙሽሮቹ ነው? ሽርሽር ይሄዳሉ አሉ። በእኛ ጊዜ ሙሽራ ከጓዳ ጓሮ ከደረሰች ሩቅ አገር ሄደች ይባል ነበር። የዛሬዎቹ ደግሞ በመኪና!»

«ወረቀታቸው ልክ ካልሆነ ግን ኬላው ይመልሳቸዋል አይደል? ማታውን ቤት ይገባሉ?» ታቢታ ድምፅዋን እንደ ቀልድ ልታደርገው ሞከረች።

ሸዋዬ ቢላዋዋን አቆመች።

«ማን ነው የሚመልሳቸው? እነሱ መመለስ ያውቃሉ? የልጄን ባል፣ ካሳሁንን፣ ወረቀቱ ላይ ቀን ተሳስቶ ዶዶላ ላይ ያዙት። ‹ሰላይ ነህ ወይስ ከብሔራዊ ውትድርና የሸሸህ?› እያሉ ዘጠኝ ቀን! ልጄ ቤት ግቢ ብትባል እምቢ አለች። ዘጠኝ ቀን እሥር ቤቱ በር ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀመጠች። ምነው ጠየቅሽኝ?»

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያው የሚጠይቅ ሰው እንዲህ አይገረጣም» አለችና ዓሣውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻት።

ታቢታ ጥቂት ሄዳ ቆመች። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ መጀመሪያ በሐሳቧ ያየችው ደረሰን ነበር፤ ተቆልፎበት፣ ጫማው ክር የሌለው፣ ጢሙ ያደገ። ደስም አላት። ትንሽ፣ ግን ደስ አላት። ቀጥሎ ካሰችን አየቻት። ካሰች መቼም ከዚያ በር አትነቃነቅም። ዘጠኝም ይሁን ዘጠና፣ «ታቢ ብቻዋን ናት» ብላ አውቶቡስ ተሳፍራ አትመጣም። እዚያው ቁጭ ትላለች። ያን መነጽሯን በእጇ ይዛ።

ቅዳሜ ነው፤ ቀበሌው በስድስት ሰዓት ይዘጋል። የምትጠይቀው ሰዓት ያሰረ ሰው አላገኘችም። ሮጠች።

ባዬ መሳቢያውን እየቆለፈ ነበር።

«ጓድ ባዬ፣ ወረቀቱ ተሳስቷል። ጎባ ነው፤ እርስዎ ጎፋ ነው ያሉት።»

«ጎፋ ነው ያልሽኝ!»

«ጎባ ነው ያልኩዎት። ‹ባ›! የባዬ ‹ባ›!»

ሰውየው አፉን ከፍቶ አያት፤ ከዚያ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ ሳቀ። «በነገሌ በኩል ሲመለሱም ዝም ብዬ ጻፍኩት? ምነው ይህቺ አገሬ አትለቀኝም። ነይ እስቲ፣ ዓሣውን ግን ከመዝገቡ አርቂልኝ።»

ታይፑ ውስጥ አዲስ ወረቀት አስገባና በሁለት ጣት መቀጥቀጥ ጀመረ። ጎባ የሚለው ላይ ሲደርስ ጮክ ብሎ አነበበላት። ከዚያ እጁን አነሣ።

«አንቺስ? ትምህርት ዝግ አይደል እንዴ? መቼም አዲስ እየጻፍኩ ነው፤ አንድ ስም መጨመር አይከብደኝም። መኪናው ቦታ የለውም?»

«አለው።»

«እንግዲያ ልጻፍሽ?»

ታቢታ ታይፑ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ስሟ ከተጻፈና ማኅተም ካረፈበት ነገሩ አለቀ። ደረሰ ስቆ «ግቢ» ይላታል። ካሰችም በእሱ ፊት እምቢ አትልም፤ ዝም ትላለች። ታቢታም ከኋላ ወንበር ሆና ስምንት ቀን የዚያን ዝምታ ጀርባ ታያለች። ተራራውን ታያለች፣ ግመሉን ታያለች፤ ካሰች ደግሞ በየኬላው አንዴ ዞር ብላ እሷን ታያለች።

«ምነው፣ እኔ እኮ ምሳዬ ደርሷል» አለ ባዬ።

«ሁለት ናቸው።»

«እ?»

«የሚሄዱት ሰዎች። ሁለት ናቸው።»

ባዬ ትከሻውን ነቅንቆ የቀረውን ጻፈ። ማኅተሙን አፉ አጠገብ ይዞ እፍ፣ እፍ አለበትና መታው። ታቢታ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ወረቀቱን በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘችው።