ለአንድ ዘፈን ያህል መብራት የጠፋበት ቅዳሜ

ይርጋነሽ ሞታም ከንፈሯ ቀይ ነበር።

ኢንስፔክተር ምስራቅ ከፈኑን ከፊቷ ላይ ገለጥ አድርጋ ስታይ፣ ከኋላዋ ከተቀመጡት ለቀስተኞች አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ጠጋ ብላ ስታንሾካሹክ ሰማች።

«ሊፒስቲክ ተቀብታ ነው የሞተችው። በዚህ ዕድሜዋ!»

ምስራቅ ዞር ብላ አየቻት። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ምስራቅን የሚያስጸይፋት ሬሳ አልነበረም፤ በሃያ ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ከወንዝ የወጣም፣ ከገደል የተለቀመም አይታለች። የሚያንገሸግሻት ሬሳ ከብቦ የሚቀመጠው ሕያው ሰው ነበር።

ጥጥ በውሃ አርሳ የሟቿን ከንፈር ጠረገች። ጥጡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። የታችኛውን የዐይን ሽፋን ገልበጥ አደረገች፤ ውስጡ ቀልቷል። ጥፍሮቿም እንዲሁ ቀይ ናቸው። ሁለቱ ተሰብረዋል፤ በአንደኛው ሥር አረንጓዴ የቀለም ፍቅፋቂ ተሰክቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ሞጣ ውስጥ፣ ክፍል ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሦስት የቀን ሠራተኞች ሲገኙ ልክ እንዲህ ነበሩ። ሞተው ጤነኛ ይመስሉ ነበር።

«ልብ ድካም ነው አሉኝ» አለች የሟች ታላቅ እህት ሀብትነሽ። ምስራቅን ከሞጣ ይዛት የመጣችው እሷ ናት። የቢቸናው የምርመራ ሹም ሟች ትሠራበት የነበረውን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እህት ያገባ ስለሆነ፣ ጉዳዩን የሌላ ከተማ ፖሊስ እንዲይዘው በማለዳ ደውላ የዞኑን ፖሊስ ለምናለች። «እህቴ ልቧን ታማ አታውቅም። ከዚህ ደብረ ወርቅ በእግሯ ደርሳ የምትመለስ ሰው ናት።»

«ቀብሩ ይቆይ። ሬሳው ደብረ ማርቆስ ሄዶ ሐኪም ደሟን ይመርምረው። ትፈቅጃለሽ?»

ሀብትነሽ ወደ ሴቶቹ ተመለከተች። «ይሂድ» አለች። «ሰው የሚለውን እኔ እችለዋለሁ።»

ቀኑ እሑድ፣ ግንቦት 12 ቀን 2004 ዓ.ም. ነበር። በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የወሩ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በይርጋነሽ ድቡልቡል የእጅ ጽሕፈት፣ ቅዳሜ ግንቦት 11 ንባብና ሙዚቃ፣ ግንቦት 18 የሕፃናት ተረት፣ ግንቦት 25 ክራር ለጀማሪዎች ይላል። ከግንቦት 11 ሥር ግን ሌላ እጅ በወፍራም ቀለም «የመጽሐፍ ምረቃ፤ የክብር እንግዶች በተገኙበት» ብሎ ጨምሮበታል።

ኃላፊው አቶ ስጦታው ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ሐዘኑን እንደ ከረባት አስተካክሎ ጠበቃት።

«እዚች ጠረጴዛዋ ላይ ነው ያገኘኋት» አለ። ጠረጴዛው ስድስት መስኮት ባለው የንባብ ክፍል ውስጥ ነው። «እንግዶቹን ሸኝቼ ስመለስ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ራሷን ደፍታ። የተኛች መስሎኝ ነበር።»

«በፕሮግራሙ ጊዜስ?»

«እዚሁ ነበረች። ሰው መሀል መቀመጥ አትወድም።»

«እርስዎስ?»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከእንግዶቹ ጋር፣ ከፊት ወንበር።»

«የከተማው መብራት ትናንት ጠፍቶ ነበር አሉ።»

«በጄኔሬተር ነው ያካሄድነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ደጅ ላይ ነበር፤ አሁንም እዚያው አለ።»

«ዝናቡስ?»

«ላስቲክ አልብሰነው ነበር» አለና ሰዓቱን አየ። «ኢንስፔክተር፣ ልፋትዎን አከብራለሁ። ግን እኮ እግዜር የወሰዳት ሰው ናት።»

ምስራቅ ወደ ጓሮ ወጣች። ዘበኛው አያ ታዘበው ተከተሏት፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀኝ ክንዳቸውን ከጎናቸው ለጥፈው የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው።

«አያ ታዘበው፣ ይኼን ጄኔሬተር በአንድ ወገን ከፍ እናድርገው።»

ሽማግሌው በግራ እጃቸው ብቻ ያዙ። ምስራቅ ጎንበስ ብላ ሥሩን አየች። ጭቃ ነው፤ ዙሪያው እንደረጠበ እሱም ረጥቧል።

«ዝናቡ ስንት ሰዓት ጀመረ?»

«ከስምንት ሰዓት ቀደም ብሎ። እስከ ዐሥር ወረደ፣ ልጄ።»

«ክንድዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ከበቅሎ ወድቄ። ሁለት ዓመቱ፤ ከትከሻዬ በላይ አልሄድ አለ።»

«ታዲያ የጄኔሬተሩን ገመድ ማን ይስባል?»

«አቶ ስጦታው ናቸው። አንዳንዴም ዘፋኙ ሰማው።» ቀጥለውም ያልተጠየቁትን ተናገሩ። «ከሟች ጋር ጸብ የለንም። መጽሐፍ ገንጥለህ ቆሎ ጠቀለልህ ብላ ከሳኝ ነበር። ያረጀ መጽሐፍ ነው።»

«ስንት ገጽ?»

«እኔ ምን አውቄ። ቆሎው እስኪያልቅ።»

ፕሮግራሙ ከተካሄደበት የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ መድረክ ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰን መጻሕፍት የሚከማቹበት ዕቃ ቤት አለ። መስኮት የለውም። በሩ አረንጓዴ ሲሆን መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው። ምስራቅ ገብታ በሩን ከውስጥ በኩል መረመረችው። ከወገብ በታች ቀለሙ በጥፍር ተቧጥጧል። ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሏል፤ ያላዳረሱት ከመደርደሪያው ሥር ያለውን ብቻ ነው። ከታችኛው መደርደሪያ አንድ የሳይንስ መጽሐፍ አንሥታ፣ መሀሉን ከፍታ አፍንጫዋን አስጠጋች።

የተቃጠለ ቤንዚን። ወለል ይታጠባል፤ ወረቀት የጠጣውን ጭስ ግን ማን ያጥበዋል?

በጥጉ ገና ያልተፈቱ አዳዲስ መጻሕፍት ተከምረዋል። ሽፋኑ «የእናቶች እንጉርጉሮ» ይላል፤ ከሥሩ «ሰብሳቢና አዘጋጅ ስጦታው»። ምስራቅ አንዱን ይዛ ወደ ይርጋነሽ ጠረጴዛ ተመልሳ መሳቢያውን ሳበች። ስምንት ደብተሮች አሉ። ዘፈኖቹ አንድ በአንድ በዚያ ድቡልቡል ጽሕፈት ሰፍረዋል፤ በየራስጌያቸው የዘፋኟ ስምና አገሯ ተጽፏል። ወለተ ሐና፣ ደብረ ወርቅ። ወለተ ኢየሱስ፣ አምበር። የስምንት ዓመት ድካም ነው። በታተመው መጽሐፍ ውስጥ የይርጋነሽ ስም አንድም ቦታ የለም፤ የእነዚያ ሴቶችም እንዲሁ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ውበቴ ኮሪደሩ ላይ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማለች።

«ዕቃ ቤቱን መቼ ወለወልሽው?»

«ሁልጊዜ እወለውላለሁ።»

«ትናንት ፕሮግራሙ ሲካሄድ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ውሃ አቀርብ ነበር።»

«የሰማሽው ነገር የለም?»

ውበቴ ወለሉን አየች። «ሙዚቃው መች ያሰማል። መብራቱ የጠፋ ጊዜ ብቻ ሳል ሰማሁ። ከአዳራሹ ነው ብዬ ተውኩት።»

«መብራቱ ጠፍቶ ነበር?»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ። ትንሽ ቆይቶ መጣ» አለችና አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ማን እንዳትናገር እንዳዘዛት ግን ምስራቅ ያን ጊዜ አልጠየቀቻትም።

ዘፋኙ ሰማው ማሲንቆውን በጉያው ይዞ፣ ወደ ሞጣ የሚሳፈርበትን መኪና ሲጠብቅ ተገኘ።

«ከይርጋነሽ ጋር ተጣልተሃል ይላሉ።»

«ተጣልተናል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሞንታርቦ አይገባም፣ በባዶ ማሲንቆ ተጫወት አለችኝ። አቶ ስጦታው ደግሞ እንግዶቹ ድምቀት ይፈልጋሉ አሉ። እኔ የታዘዝኩትን ነው።»

«ከመድረኩ ጀርባ ምን ሰማህ?»

ሰማው የማሲንቆውን ጭራ መነካካት ጀመረ። «ግድግዳው ይደበደብ ነበር። ዞር ስል አቶ ስጦታው ከፊት ወንበር ሆነው ድምፁን ጨምር ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። ጨመርኩ።»

«ጨመርክ።»

«የተጠራሁት ለመዝፈን ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«መብራቱ ሲጠፋስ?»

«ያኔ በባዶ ማሲንቆ ወረድኩ። የፊት ረድፍ እንግዶችን በየተራ አሞገስኩ። አቶ ስጦታው ጋ ስደርስ ወንበራቸው ባዶ ሆነብኝ፤ በእሱም ገጠምኩበት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።»

«በለው እስቲ።»

በዝቅታ አንጎራጎረው።

«ሁሉም ተቀምጧል፣ አንዱ ወንበር ባዶ፤
ጌታው ምን ሊያመጣ ሄደ ከኛ ማዶ?»

«ግጥሙ ሳያልቅ መብራቱ መጣ። ለአንድ ዘፈን ያህል ነው የጠፋው» አለ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምስራቅ አራቱንም አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበች። ሀብትነሽም ከሁለት ፖሊሶች ጋር ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። የትናንቱ የወረቀት አበባ ገና ከመድረኩ ላይ አልወረደም።

«ይርጋነሽን የገደላት ልቧ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ከንፈሯና ጥፍሯ የቀላው በታፈነ ክፍል ውስጥ ጭስ ስባ ነው። የሐኪሙ ወረቀት ነገ ይመጣል፤ እኔ ግን ወረቀት አልጠብቅም። ስድስት መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ ሰው በጭስ አይሞትም። ስለዚህ ጠረጴዛዋ ላይ አልሞተችም፤ ሰው ነው ተሸክሞ ያስቀመጣት።»

አያ ታዘበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሁለተኛ፣ ጄኔሬተሩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲዘንብ ደጅ የቆመ ዕቃ ሥሩ ደረቅ ይሆናል። የዚህ ሥሩ ጭቃ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ሌላ ቦታ ነበር። የት እንደነበር ደግሞ የዕቃ ቤቱ መጻሕፍት ይሸታሉ። አያ ታዘበው፣ ማን ተሸክሞ አስገባው?»

«እኔና አቶ ስጦታው» አሉ ሽማግሌው። «ሲገባ ግን ክፍሉ ባዶ ነበር። በመስቀሉ! እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው እኔንና ውበቴን የጠሩን። 'ሳናውቅ ገብታ ጭስ ገድሏታል፤ ጄኔሬተሩን ያስገባኸው አንተ ነህ፣ ትታሰራለህ' አሉኝ። ሬሳዋንም ጄኔሬተሩንም አብሬያቸው ተሸክሜ አወጣሁ። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ፣ ልጄ።»

«አንቺስ?» አለች ምስራቅ ወደ ውበቴ ዞራ።

«እጇን አጠብኩ» አለች ውበቴ። «ጥቀርሻ ነበረበት።»

«ውሃውን የት ደፋሽው?»

«የጓሮው አበባ ላይ።»

 የምስራቅ አፍ መረረ።

«እንቀጥል። ሳይታወቅ ገብታ አይደለም የሞተችው፤ በሩ ከውጭ ተቀርቅሮባታል። በጥፍሯ ቧጥጣዋለች፤ ቀለሙ ጥፍሯ ሥር ነው ያለው። ግድግዳውን ደብድባለች፤ ሰማው ሰምቶ ድምፁን ጨምሯል። ማን ቀረቀረ? እስከዚህ ድረስ ከአራታችሁ ማንም ሊሆን ይችላል። ነገሩን የለየው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። መብራቱ ጠፋ። ለምን? የጄኔሬተሩ ቤንዚን አለቀ። ተመልሶም መጣ። እንዴት? አንድ ሰው ጀሪካን ይዞ፣ መቀርቀሪያውን ከፍቶ፣ ገብቶ ሞላና ገመዱን ሳበ። ያ ሰው ይርጋነሽን አይቷታል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በላይዋ ሳይራመድ ጄኔሬተሩ ጋ አይደርስም።»

ምስራቅ ወደ ዕቃ ቤቱ ግድግዳ አመለከተች።

«በሕይወት ነበረች። ውበቴ ሳሏን ሰምታለች። ያን ጊዜ የሞንታርቦው ጩኸት ጠፍቶ ነበርና። ገመዱን ማን ሳበው? የአያ ታዘበው ክንድ አይነሣም። ውበቴ ሳሉን የሰማችው ከውጭ ነው፤ ጄኔሬተሩንም ነክታው አታውቅም። ሰማው መቶ ሰው ፊት ማሲንቆ እየመታ ነበር። አቶ ስጦታው ከፊት ወንበሬ አልተነሣሁም ብለውኛል። ዘፋኙ ግን በባዶ ወንበርዎ ግጥም ገጥሞ መቶ ሰው ስቋል። መቶ ምስክር አለኝ።»

አቶ ስጦታው ከረባቱን ላላ አደረገ። «ለአንድ ሰዓት ዝም እንድትል ብቻ ነው የፈለግኩት። መድረክ ላይ ወጥቼ መጽሐፉ የኔ ነው እላለሁ ብላ ዛተችብኝ። መጽሐፍ አምጪ ብዬ ልኬ ዘጋሁባት። ጭሱ ይገድላል ብዬ አላሰብኩም።»

«መጀመሪያ ሲዘጉባት አላሰቡ ይሆናል። ዘጠኝ ተኩል ላይ ግን ወድቃ አገኟት። በሩን ክፍት ቢተዉት ትድን ነበር። ለምን መልሰው ቀረቀሩ?»

አቶ ስጦታው ጥያቄው የገረመው ይመስል ቀና አለ።

«እንግዶቹ እኮ ተቀምጠው ነበር» አለ።

ሀብትነሽ አልጮኸችም። ተነሥታ ወጣችና፣ ከንባብ ክፍሉ ስምንቱን ደብተሮች አቅፋ ተመለሰች። ሰማው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ትታሰሪያለሽ አይበሉኝ እንጂ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ» አለች ውበቴ። ምስራቅ ለሦስቱም ቃላቸውን የሚቀበል ፖሊስ መደበችላቸው፤ ሬሳውን በማዛወርና በማጠብ የተባበሩት ሁለቱ እንደማይለቀቁም ነገረቻቸው።

የአቶ ስጦታው እጅ በካቴና ታሰረ።

«በጓሮ በር እንውጣ» አለ ቀስ ብሎ። «ፊት ለፊት ሰው ተሰብስቧል።»

«ዐውቃለሁ» አለች ምስራቅ፤ የፊቱንም በር ሁለቱን ተካፋች ከፈተችው።

ለቀብር መጥቶ ቀብሩ መቆየቱን የሰማው ሕዝብ የቤተ መጻሕፍቱን ደጅ ሞልቶታል። ብዙዎቹ ትናንት ያጨበጨቡ ናቸው። ሰዉ ካቴናውን አየና መንገድ ለቀቀ። ከመሀል አንድ ባለ ባርኔጣ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ስጦታው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አቶ ስጦታው፤ የታሰሩ እጆቹን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለ።

ምስራቅ በሰው ፊት ምራቋን ተፍታ አታውቅም። ወደ ግድግዳው ዞር አለችና እንትፍ አለች።