መምህር እንድሪስ ዝም ሲሉ

ኮምቦልቻ ላይ መምህር ሲለቅ ሽኝት ቀርቷል፤ ጥላው ከክፍሉ አይወጣምና። «ጥላ መምህር» የሚባለው ከብርሃን የተሸመነ ምስል ነው፤ የለቀቀውን ሰው ድምፁን፣ አነጋገሩን፣ ሳሉን ሳይቀር ይዞ ያስተምራል።

የጥላ መምህራን ጠጋኟ ዘሀራ የተጠራችው የመምህር እንድሪስ ጥላ ስለታመመ ነው። ልጆቹን እያስነበበ በመስመሩ መሃል ድንገት ዝም ይላል፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

«ነገ የምርጫ ቀን ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ ይመር፣ ግንባራቸውን እያሹ። «ወላጅ ልጁን የሚሰጠው ለወደደው ትምህርት ቤት ነው። አንደበቱ የተያዘ መምህር አይቶ ማን ይመርጠናል? መዘጋታችን ነው! በይ እታለም፣ ያንን ዝምታ ቆርጠሽ ጣይልኝ።»

«ጥርስ ነቃይም መጀመሪያ አፍ ያያል፣ ጋሼ።»

ክፍሉ ገብታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ጥላው «ዝናቡ ሲያባራ» ብሎ ጀመረ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ተቀበለው። ዘሀራ ይህን ዜማ ታውቀዋለች፤ ማንበብ የማይችለው ከሚችለው ተደባልቆ፣ ገጹን ሳያይ በቃሉ የሚያልፍበት ነው። ጥላው ዝም ሲል ግን ዜማው ተሰበረ። ልጆቹ ተያዩ። የሚጠጉበት ድምፅ ሲያጡ ወደ ገጹ አጎነበሱ፤ ጣቶቻቸው ፊደሉ ላይ መዳህ ጀመሩ።

«ወ... ወንዙ... ጠራ» አለች አጠገቧ ያለችው ልጅ። ቀና ብላ ዘሀራን አየቻትና ሹክ አለቻት፤ «መምህር እንድሪስም እንዲህ ያደርጉ ነበር። ማንበብ የለመድነው ያኔ ነው።»

ዘሀራ መሣሪያዋን ሳትከፍት ወጣች። መምህር እንድሪስን ያገኘቻቸው አሁን በሚሠሩበት የጭነት ጣቢያ ነው።

«ያ ዝምታ እንዴት ያለ ዘዴ ነው፣ መምህር!»

«የምን ዘዴ?» አሉ። «ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ። ልልቀቅ ወይስ ልቆይ እያልኩ ሐሳብ ይዞኝ ጭልጥ ይላል። ማንንም ያስተማርኩ አልመሰለኝም፤ ለቀቅኩ።»

«ነገ ይምጡ» አለቻቸው።

በምርጫው ቀን ወላጆች ክፍሉን ሞሉት። ጥላው ዝም አለ።

«ምነው፣ ይሄ ደግሞ ተበላሸ እንዴ?» አለ አንድ አባት፣ ሊነሳ እየቃጣው።

«እስቲ ዝም በል! ልጄ እያነበበች ነው» አለች አንዲት እናት።

ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ። የልጆቹ ድምፅ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተንተባትቦ፣ በየራሱ መጣ። አቶ ይመር ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ሲገልጡ የወላጆች እጅ አንድ በአንድ ለምርጫው እየተነሳ ነው።

መምህር እንድሪስ የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያነቡት?» አሉ ቀስ ብለው።

«እርስዎ ዝም ካሉበት ቀን ጀምሮ» አለች ዘሀራ።