በኮርኒሱ ቀዳዳ ጭቃ የተቀበለኝ እጅ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ መብቱ ነው፤ እኔ ግን እጁን በእጄ ነክቼዋለሁ...

ግንቦት 1970 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ። ጨለማ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ነው ብዬ እተወው ነበር። ፀሐይዋ ግን አናት ትበሳለች፤ ከተማው በሙሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ተኝቷል።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። ያኔ ዳቦ እየጋገርኩ እሸጥ ነበር። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበርና ሲሞት ባለ ቱቦ የብረት ምድጃ ትቶልናል፤ በእንጨት ነው የሚነደው። ቱቦው ኮርኒሱን በስቶ በቆርቆሮው ጣሪያ ይወጣል።

ኮርኒሱ ውስጥ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ሀብተ ማርያም ነበር።

ስሙ በሚፈለጉት ሰዎች ዝርዝር ላይ ወጥቶ፣ ከደበቅኩት ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ለጎረቤት ሁሉ "ሐረር ሄዷል" ብያለሁ። ምግብና ውሃ በኮርኒሱ መግቢያ ቀዳዳ አቀብለዋለሁ፤ ምልክታችን ቱቦው ነው። እኔ ከታች አንዴ ስመታው እሱ ከላይ አንዴ ይመልሳል... አለሁ ማለቱ ነው።

እንዲህ እያለን ቱቦው እዚያው ኮርኒሱ ውስጥ፣ መገጣጠሚያው ላይ ተሰነጠቀ። ጭሱ ወንድሜ ላይ መግባት ጀመረ።

እሱም ማሳል ጀመረ።

የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ቦታ ከእኛ ሦስተኛው ቤት ነው። አንዴ ሳሉን ከሰሙ አለቀለት።

ጠጋኝ እንዳልጠራ፣ ኮርኒሱ ላይ መውጣቱ ነው። ስለዚህ መጋላ ሄጄ፣ ምድጃ የሚጠግነውን ገዲን አሠራሩን ጠየቅሁት።

"የኩይሳ አፈር፣ የተነፋ አመድ፣ ጨው። ለውሰሽ በጣትሽ ድፈኚው" አለኝ። "አፈሩን ነገ ነይና ውሰጂ። ግን አንቺ ልጅ፣ እስኪጠገን እሳት እንዳታነጂ። ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንድ ከታች፣ አንድ ከላይ። ከላይ ማን አለሽ?"

"ማንም" አልኩት።

የኔ ጥፋት ከዚህ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አፈሩን ላመጣ ከመውጣቴ በፊት እሳት አነደድኩ። ጥበቃዎቹ በየጠዋቱ ዳቦዬን ይበሉ ነበር፤ ይነቃቸው! ዳቦው ከቀረ፣ ጭሱ ከታጣ "ምን ሆንሽ?" ብለው ይመጣሉ ብዬ ፈራሁ።

"ዛሬን ብቻ ቻለው" አልኩት በሹክሹክታ።

"እሺ እትዬ።" አፉን በፎጣ አፍኖ ነበር።

ዳቦውን ሸጬ፣ አፈሩን ይዤ ስመለስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ምድጃው በርዷል። ቤቱ ጭር ብሏል... ሳልም የለም።

"ተመስገን" አልኩ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ቱቦውን አንዴ መታሁት።

...

ቋ።

ጭቃውን በሳህን ለወስኩ። ወንበር ላይ ቆሜ ሳህኑን በኮርኒሱ ቀዳዳ ሰጠሁ።

"ሀብቴ፣ እንካ።"

እጁ ወጣ። ሳህኑን ሲቀበለኝ ጣቱ ጣቴን ነካው።

ቀዝቃዛ ነበር።

ልብ በሉ፤ ግንቦት ነው፣ ድሬዳዋ ነው፣ ከቆርቆሮ ሥር ነው። ሌላ ቀን ላቡ ፊቴ ላይ ይንጠባጠባል።

"ውሃ ላቀብልህ?"

"አልጠማኝም።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀዳዳውን በከፈትኩ ቁጥር የመጀመሪያ ቃሉ "ውሃ" ነበር...

"ሳሉስ ተሻለህ?"

ጭቃውን ሲለጥፍ ይሰማኛል... ጠፍ... ጠፍ...

"ከእንግዲህ አልስልም፣ እትዬ።"

ያኔ በሩ ተንኳኳ።

ወተት የምታመጣልኝ ጎረቤቴ ሀዎ ናት። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

"ጥሩዬ... ሀብቴ..."

"ሐረር ነው ያለው።"

"ተይ አቦ። ወላሂ፣ በዓይኔ አየሁት።" ክንዴን ያዘችኝ። "ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር። እያሳለ ይሮጣል... ዓይኑ ቀልቷል። ሳሉን ሰምተው ነው የተከተሉት። ተኮሱበት። ሞቷል፣ እህቴ። ሁለቴ መጥቼ በርሽ ዝግ ነበር።"

"አብደሻል? ወንድሜ እኮ እዚህ..."

አፌን በእጄ ያዝኩት።

ከላይ ቱቦው ተመታ።

ቋ።

ሀዎ ቀና አለች። "ማነው?"

ወንበሩ ላይ ወጥቼ ራሴን በቀዳዳው አስገባሁ።

ማንም የለም።

በጓሮ በኩል አንድ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ብርሃን ይገባል። ጭሱን መቻል ሲያቅተው በዚያ ነው የወጣው። ፎጣው እዚያው ወድቋል።

ሳህኑ ባዶ ነው። ስንጥቁ ዙሪያውን ተደፍኗል፤ የጣት ምልክት ሞልቶበታል።

ከሀዎ ጋር ወደ ደቻቱ ወረድን። በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ በደረቱ ተኝቷል። ደሙ በፀሐዩ ደርቆ ጠቁሯል፤ ዝንብ ወርሮታል። እነሱ ለገደሉት ሰው ማልቀስ ክልክል ስለነበር ሀዎ ሻሿን አፌ ውስጥ ወተፈችልኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ያቺ የጠዋት እሳት ናት።

ተንበርክኬ እጁን አነሳሁ።

እስከ አንጓው ድረስ ጭቃ ነበር። ኩይሳ፣ አመድ፣ ጨው... ሰባት ሰዓት ላይ በገዛ እጄ የለወስኩት።

በዚያ ሁሉ ፀሐይ፣ ጭቃው ገና እርጥብ ነበር።